የልጆቹ ናሙና ተወሰደ፣ ጥናቱም ታተመ፣ ልጆቹ ግን ውጤቱን አልሰሙም፦ ለ5ኛና ለ6ኛ ክፍል እንዴት ነው የምናስረዳው? (ሐዋሳ)

ቲቸር_ሐይቅዳር
ማክሰኞ ማታ 2:10

ሰላም ለሁላችሁ። ሐዋሳ ሐይቁ አካባቢ ባለ አንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳይንስ ነው የማስተምረው። ከተወሰነ ጊዜ በፊት ስለ ቢልሃርዚያ፣ ማለትም ትል ካለበት ውሃ ስለሚይዘው በሽታ፣ የሚያጠኑ ሰዎች መጥተው ከልጆቹ የሰገራ ናሙና ወስደው ነበር፣ ወላጅ ፈረመ፣ ልጆቹም በትንሿ ዕቃ ይዘው መጡ፣ እያፈሩና እየተሳሳቁ ምናምን። ጥናቱ አልቆ ታትሟል። ወረቀቱን አንድ የማውቀው ሰው በቴሌግራም ላከልኝ፣ ሙሉው በእንግሊዝኛ ነው፣ መሃሉ ሰንጠረዥ ብቻ። ልጆቹ ደግሞ እስካሁን አልረሱትም፣ ኮሪደር ላይ ያዝ ያደርጉኝና «ቲቸር ያ የሰጠነው ነገር ምን ተገኘበት?» ይሉኛል።

እኔ ይሄ ጥያቄ መልስ ይገባዋል ባይ ነኝ። ናሙናው ከነሱ ሰውነት የወጣ ነው፣ ሐይቁም እነሱ የሚዋኙበት፣ አባቶቻቸው አሳ የሚያወጡበት፣ ቅዳሜ ቅዳሜ አሞራ ገደል ሄደው አባ ኮዳ የሚያዩበት ሐይቅ ነው። የትል መድሃኒት ሲመጣም ተሰልፈው ቁመታቸው በእንጨት እየተለካ ይውጣሉ፣ ለምን በቁመት እንደሚለካ እንኳን የነገራቸው ሰው የለም።

«ሐይቅ አትግቡ» የሚለውን ከቤትም ከሚኒ ሚዲያም ሰምተውታል፣ ሰምተውም ይገባሉ፣ ስለዚ እሱን ለመድገም አይደለም። እኔ የምፈልገው ሰዎቹ እንዴት እንዳወቁ እንዲገባቸው ነው፣ ማለትም አንድ ሰው የማይታይ ነገር «አለ» ብሎ ለመናገር ምን ምን ማድረግ እንዳለበት። እሱ ከገባቸው ነገ ስለ ሌላ ነገር ሲነገራቸውም «እንዴት አወቃችሁ?» ብለው መጠየቅ ይችላሉ። ቤተ ሙከራ የለንም፣ ያለን ብላክ ቦርድና የሳይንስ ክበብ ነው። ከየት ልጀምር? ልምድ ያላችሁ፣ ላብ የምትሰሩ፣ ወላጆችም ብትሆኑ ሃሳብ ስጡኝ።

ላብ_ሰው
ማክሰኞ ማታ 2:48

ቲቸር እግዜር ይስጥሽ፣ በጣም ጥሩ ነገር ነው ያነሳሽው። እኔ ላብራቶሪ ነው የምሰራው፣ ሰገራ ምርመራ ማለት የየቀን ስራዬ ነው። ከቆጠራው ጀምሪ ነው የምልሽ፣ ልጆች መቁጠር ይወዳሉ፣ ሂሳቡም ለ5ኛ ክፍል ልክ ነው።

ለዚህ አይነት ጥናት ብዙ ጊዜ የሚሰራበት ዘዴ ካቶ ካትዝ ይባላል። ሰገራው በደቃቅ ወንፊት ይጣራና መሃሏ ቀዳዳ ባላት ትንሽ ፕላስቲክ ተሰፍሮ መስታወት ላይ ይደረጋል። ቀዳዳዋ የምትይዘው 41.7 ሚሊግራም ነው፣ ይሄ ቁጥር ላይ ቁሚ፣ ቦርድ ላይ ጻፊው። ከዛ ግሊሰሪን የጠጣ ሴሎፎን ከላይ ይደረግና ጫን ጫን ተደርጎ በማይክሮስኮፕ ከዳር እስከ ዳር የትሉ እንቁላል አንድ በአንድ ይቆጠራል። የተቆጠረው በ24 ይባዛል። ለምን በ24? ልጆቹ ራሳቸው ያግኙት፣ 41.7ን በ24 አባዙ በያቸው፣ 1000.8 ይመጣላቸዋል፣ ሺህ ሚሊግራም ደግሞ አንድ ግራም ነው። በቃ ገባቸው ማለት ነው፣ ሰዎቹ ትንሽ ወስደው ስለ አንድ ግራም ሰገራ ነው የሚናገሩት። 3 እንቁላል ከተገኘ 72፣ 5 ከተገኘ 120። በዓለም ጤና ድርጅት አከፋፈል ከ1 እስከ 99 ቀላል፣ ከ100 እስከ 399 መካከለኛ፣ 400ና ከዚያ በላይ ከባድ ነው የሚባለው። ስለዚ 3 እና 5 ትንሽ ልዩነት ይመስላል፣ አንዱ ግን ቀላል ውስጥ ሌላው መካከለኛ ውስጥ ገባ። እዚህ ጋ አንድ ልጅ «ቆጣሪው ደክሞት ሁለት እንቁላል ቢዘልስ?» ብሎ ከጠየቀሽ ትልቁን ነገር ጠየቀ ማለት ነው። መልሱም አለ፣ ከአንድ ልጅ ናሙና ሁለት ስላይድ ይሰራል፣ የተወሰኑት ስላይዶችም ሌላ ሰው የመጀመሪያውን ውጤት ሳያይ ድጋሚ ይቆጥራቸዋል።

የሐዋሳው አይነት ማንሶኒ የሚባለው ነው፣ እንቁላሉ ሞላላ ሆኖ ጎኑ ላይ እሾህ መሳይ ነገር አለው። ቦርድ ላይ ሳይው፣ ደብተራቸው ላይ ይሳሉት። አንዴ የሳለው ልጅ አይረሳውም።

አደራ የምልሽ አንድ ነገር አለ፣ ትሉ መጀመሪያ የሚያድገው ውሃ ዳር ባለ ቀንድ አውጣ ውስጥ ስለሆነ ልጆቹ ቀንድ አውጣ ሰብስበው እንዳያመጡ። ሳይንስ ክበብ ሲባል የመጀመሪያ ሃሳባቸው እሱ ነው የሚሆነው። ለመሰብሰብ ውሃው ውስጥ መቆም አለባቸው፣ መያዣ ውስጥ የተቀመጠ ቀንድ አውጣም ትሉን ውሃው ላይ ሊለቅ ይችላል። አጥኚዎቹ ጓንትና ረጅም ቦት አድርገው ነው የሚሰበስቡት።

ማስተርስ_ላይ_ያለ
ማክሰኞ ማታ 3:30

ቲቸር እኔ ያንን ጥናት አልሰራሁም ግን የማጠናው ተቀራራቢ ነገር ስለሆነ ከኛ ወገን ያለውን ልንገርሽ። የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ ሲጠየቅ ውጤቱ ለሚመለከተው አካል ይደርሳል ተብሎ ይጻፋል፣ ያ አካል ብዙ ጊዜ ጤና ቢሮ ነው፣ የተገኘባቸው ልጆችም መድሃኒት ይሰጣቸዋል። ክፍል ውስጥ ገብቶ ማስረዳት ግን የማንም ስራ ዝርዝር ውስጥ የለም፣ በጀት የለውም፣ ለቴሲስ ነጥብ አይቆጠርም፣ አድቫይዘርም አይጠይቅህም። ይሄ መቀየር አለበት ብዬ አምናለሁ፣ ናሙና ሰብሳቢው ወደ ትምህርት ቤቱ ተመልሶ የሚመጣበት አንድ ቀን ከመጀመሪያው እቅዱ ውስጥ መግባት አለበት።

ደግሞ ይቻላል እኮ። ፍሮንቲየርስ ፎር ያንግ ማይንድስ የሚባል እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ከ2013 ጀምሮ የሚወጣ የሳይንስ ጆርናል አለ፣ ተመራማሪዎች ጥናታቸውን ለልጆች እንደገና ይጽፉታል፣ ከመታተሙ በፊት የሚገመግሙት ደግሞ ከ8 እስከ 15 ዓመት ያሉ ልጆች ናቸው፣ አንድ ሳይንቲስት አጠገባቸው ሆኖ ያግዛቸዋል። ልጁ «ይሄ አልገባኝም» ካለ ጸሃፊው ያስተካክላል። ይሄንን ያንቺ 6ኛ ክፍሎች ማድረግ ይችላሉ፣ ኢንተርኔትም አያስፈልግም።

ለመነሻ የሚሆን ሞክሬያለሁ፣ ቁረጡት ቀጥሉት፦

«ሐይቃችን ዳር ሳርና ቅጠል ላይ ተጣብቆ የሚኖር ትንሽ ቀንድ አውጣ አለ። ሰው አይነክስም። ግን አንድ አይነት ትል ልጅነቱን የሚያሳልፈው እሱ ውስጥ ነው። ትሉ ከቀንድ አውጣው ሲወጣ በጣም ትንሽ ስለሆነ ዝም ብለን አይተን አናስተውለውም፣ ውሃው ውስጥ እየዋኘ የሰው ቆዳ ይፈልጋል። ካገኘ ቆዳውን በስቶ ይገባል፣ በደም ውስጥ ተጉዞ አድጎ አንጀት አካባቢ ባሉ የደም ስሮች ይኖራል፣ እዚያ እንቁላል ይጥላል። ከእንቁላሎቹ የተወሰኑት ከሰገራ ጋር ይወጣሉ። ሰገራው ውሃ ውስጥ ከገባ እንቁላሉ ይፈለፈልና የተፈለፈለው ደግሞ ሌላ ቀንድ አውጣ ይፈልጋል። ተመራማሪዎቹ የጠየቁት ጥያቄ ይሄ ነው፦ እዚህ ትምህርት ቤት ከሚማሩ ልጆች ስንቶቹ ውስጥ ይሄ ትል አለ? ሆድ ከፍቶ ማየት አይቻልም። ስለዚህ እንቁላሉን ፈለጉ።»

የሁለት_ልጆች_እናት
ረቡዕ ጠዋት 1:20

እንደምን አደራችሁ። ጽሁፉ ጥሩ ነው ወንድሜ ግን «ቆዳውን በስቶ ይገባል» የሚለው ጋ ስደርስ እኔ ትልቋ ሴትዮ ሰውነቴን በላኝ። ትንሹ ልጄ እንዲህ አይነት ነገር ከሰማ ማታ መብራት አታጥፉ ነው የሚለው። ለልጅ እስከዚህ ድረስ መንገር ግድ ነው ወይ?

ሌላው ከዚህም በላይ የሚያሳስበኝ ነገር፣ ባለቤቴ ኑሮው ከሐይቁ ነው። ሰፈራችን ያሉ አብዛኞቹ ልጆች አባቶቻቸው በጀልባ የሚወጡ፣ እናቶቻቸው ቆሮሶ የሚበልቱ ናቸው። ሐይቁ በሽታ ነው ተብሎ ትምህርት ቤት ከተነገራቸው ቤት መጥተው አባታቸውን በምን አይን ነው የሚያዩት? እኛ ከሐይቁ መራቅ አንችልም ቲቸር፣ እሱን አስቢልን።

ቲቸር_ሐይቅዳር
ረቡዕ ከሰዓት 7:05

እህቴ ሁለተኛው ነጥብሽ ልቤ ገብቷል፣ ጽሁፉ ውስጥ በግልጽ ይገባል። ትሉ ሐይቁ ውስጥ የሚቆየው ሰገራ ውሃው ጋ ስለሚደርስ ነው፣ እንቁላሉ ካልደረሰ ቀንድ አውጣው ባዶውን ነው። ስለዚ የሚጠየቀው መጸዳጃ ቤት ነው፣ ሐይቁም አሳ አጥማጁም ጥፋተኛ አይደሉም። እንደዛ ሲነገር ልጁ አባቱን አያፍርበትም፣ ይልቁንስ ዳር ላይ ሽንት ቤት ለምን የለም ብሎ ይጠይቃል።

በመጀመሪያው ግን አልስማማም፣ በክብር ነው የምለው። ልጆች የሚፈሩት ግማሹ ተነግሯቸው ግማሹ ሲደበቅባቸው ነው። «ሐይቁ ውስጥ መጥፎ ነገር አለ» ብለሽ ብትተዪው ያ መጥፎ ነገር በሃሳባቸው አዞ ያህላል። በስቶ ይገባል ካልን በኋላ ወዲያው ፕራዚኳንቴል የሚባል መድሃኒት እንዳለ፣ ያንን ያደገ ትል እንደሚገድል፣ እነሱም ትምህርት ቤት የሚውጡት እሱ እንደሆነ ብንነግራቸው ያኔ የሚፈሩት ነገር መጠን ይኖረዋል። ዝም ያልንበት ቦታ ላይ ተረት ይገባበታል፣ ባለፈው አንድ ልጅ ትሉ በአፍንጫ ነው የሚገባው ብሎ ጓደኞቹን አሳምኖ ነበር፣ አፍንጫቸውን ይዘው ይዋኛሉ።

ላብ_ሰው
ረቡዕ ከሰዓት 7:40

ቲቸር ትክክል ነሽ። አንድ ነገር ጨምሪበት፣ መድሃኒቱ ያለውን ትል ይገድላል እንጂ ለሚቀጥለው አይከላከልም። «ውጫለሁ አይነካኝም» ብሎ የሚገባ ልጅ አለ። የእንጨቷን ነገር ደግሞ ላስረዳ፣ መጠኑ የሚወሰነው በክብደት ነው፣ ግን በየትምህርት ቤቱ የሚሰራ ሚዛን ይዞ መዞር ከባድ ስለሆነ በብዙ ልጆች ላይ ቁመትና ክብደት ተያይዞ ተጠንቶ ይሄን ያህል ቁመት ያለው ይሄን ያህል ፍሬ ተብሎ እንጨቱ ላይ ተሰመረ። እሱም ራሱ የጥናት ውጤት ነው፣ ልጆቹ ተደግፈውት ቆመዋል። ለእህታችን ቤት የሚጠቅም ነገር ደግሞ፣ ከሐይቅ የተቀዳ ውሃ ቀንድ አውጣ ሳይገባበት ሁለት ቀን ከተቀመጠ ትሉ ቆዳ የሚበሳበት አቅም አይኖረውም፣ ለገላና ለልብስ ይሆናል። ለመጠጥ ግን አይደለም፣ የመጠጥ ውሃ ሌላ ጉዳይ አለው።

ጡረታ_የወጣ_ጤና_ረዳት
ረቡዕ ማታ 1:55

ልጆቼ እንዴት ዋላችሁ። ይሄን ውይይት ሳነብ ደስ አለኝና ነው የምጽፈው። ለልጆች ስለ ቢልሃርዚያ ጥናት የምትነግሩ ከሆነ ዶክተር አክሊሉ ለማን እንዴት ትረሷቸዋላችሁ? ሀበሻ ልጅ ይሄንን ሳይሰማ ማደግ የለበትም።

በ1964 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ነው፣ አድዋ። ወጣት ተመራማሪ ነበሩ፣ ቢልሃርዚያ የሚያስተላልፉትን ቀንድ አውጣዎች ወንዝ ለወንዝ እየሄዱ ያጠኑ ነበር። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ትንሽ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በዝተው አዩ፣ ሌላ ቦታ ያላዩትን ያህል። እንግዲህ እናቶቻችን በእንዶድ ከጥንት ጀምሮ ሲያጥቡ ኖረዋል፣ ቀንድ አውጣውም ከስር ሲሞት ኖሯል፣ እሳቸው ቆም ብለው ለምን እዚህ ጋ ብቻ በዛ አሉ። ከዚያ በኋላ በቤተ ሙከራ ብዙ ዓመት ለፉበት፣ ከዶክተር ለገሰ ወልደዮሐንስ ጋርም ሰሩ፣ በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የሚባለውን ትልቅ ሽልማት አብረው ተሸለሙ።

ለልጅ ይሄ በቂ ትምህርት ነው። ማይክሮስኮፕ ከመምጣቱ በፊት የነበረው ማየትና ማወዳደር ነው፣ እዚህ ብዙ ሞቷል እዚያ አልሞተም፣ በሁለቱ መሃል ያለው ልዩነት ምንድነው። ቲቸር ልጄ ይሄን ለልጆቹ ስትነግሪያቸው መጨረሻውን አትንገሪያቸው፣ የሞቱት ቀንድ አውጣዎች ጋ አቁሚና እናንተ ብትሆኑ ቀጥሎ ምን ታደርጋላችሁ ብለሽ ጠይቂያቸው።

የጀልባ_ልጅ
ረቡዕ ማታ 2:30

ጋሼ ታሪኩ በጣም ያምራል እናመሰግናለን። ግን አደራ ልጆቹ እንዶድ ቀጥቅጠው ሐይቁ ውስጥ እንዳይጨምሩ ይነገራቸው፣ እንዶድ አሳም ይገድላል። እኛ ሰፈር ልጅ ነገር ሲሰማ ነገ ጠዋት ነው የሚሞክረው። ደግሞ ሐዋሳ ሐይቅ ጥቁር ውሃ ይገባበታል እንጂ በላዩ የሚወጣ ወንዝ የለውም፣ የገባበት ነገር እዛው ነው የሚቀረው።

ጡረታ_የወጣ_ጤና_ረዳት
ረቡዕ ማታ 2:41

ልክ ብለሃል ልጄ፣ ተባረክ። እሱም ቢሆን የታሪኩ አካል ነው፣ ቀንድ አውጣውን ከገደለ ሌላውንስ ምን ያደርጋል ብሎ መጠየቅ የጥናቱ እኩሌታ ነበር።

እውነቱን_እንነጋገር
ረቡዕ ማታ 3:15

እኔ ትንሽ የተለየ ሃሳብ አለኝ፣ አትቀየሙኝ። ልጆቹ ሚኒስትሪ አለባቸው፣ ማንበብ ራሱ የሚከብዳቸው አሉ፣ በአንድ ክፍል የሚማረው ልጅ ብዛቱ ይታወቃል። እዚህ ላይ ካቶ ምናምን መጨመር ጫና አይሆንም? ሌላው ደግሞ እኔ ራሴ የማይገባኝ ነገር አለ፣ ከትምህርት ቤቱ ልጅ ሁሉ ናሙና አልወሰዱም፣ የተወሰኑትን መርጠው ወስደው «የዚህ ትምህርት ቤት ልጆች ይሄን ያህል በመቶ» ይላሉ። ያልተመረመረውን ልጅ በምን አወቁት? እኔ ያልገባኝን ለ11 ዓመት ልጅ እንዴት ታስረጃለሽ?

ማስተርስ_ላይ_ያለ
ረቡዕ ማታ 3:50

ወንድሜ የጠየቅከው ጥያቄ ዋናው ነው፣ እኛም ዩኒቨርሲቲ ገብተን ነው በስርአት የተማርነው። ግን ለልጅ የሚከብድ አይደለም። እናትህ የወጥ ጨው የምታየው በአንድ ማንኪያ ነው አይደል፣ ድስቱን ሁሉ አትጠጣውም፣ ከመቅመሷ በፊት ግን ታማስላለች። ማማሰሉ ነው ቁም ነገሩ። አጥኚዎቹም ልጆቹን በስም ዝርዝር በእጣ የሚመርጡት ለዛ ነው፣ ከፊት የተቀመጡትን ብቻ ወይ ሐይቁ አጠገብ የሚኖሩትን ብቻ ቢወስዱ ሳያማስሉ ቀመሱ ማለት ነው።

በተግባር ደግሞ ቦሎቄ ይበቃል። ቲቸር ባልዲ ውስጥ ነጭና ቀይ ቦሎቄ ደባልቂ፣ ቀዩ ትል ያለበት ልጅ ነው በያቸው፣ ስንቱ ቀይ እንደሆነ አንቺ ብቻ እወቂ። አንድ ቡድን ሳያይ 10 ያውጣ፣ ሌላው 10፣ ሌላው 10። የተለያየ መልስ ያመጣሉ፣ ይጣላሉም። ከዛ ፍሬውን መልሰው ደባልቀው 50 50 ያውጡ፣ መልሶቹ እርስ በርስ ይቀራረባሉ። ያኔ «ስንት ልጅ ነው የተመረመረው?» ብሎ መጠየቅ ለምን እንደሚያስፈልግ በእጃቸው አዩት። ፐርሰንት ደግሞ የሚማሩት ነገር ስለሆነ ተጨማሪ ጫና አይሆንም፣ ሂሳብ ክፍለ ጊዜ ላይም ይሰራል።

ከአዳማ
ሐሙስ ጠዋት 3:10

ሰላም የሐዋሳ ሰዎች፣ ከአዳማ ነኝ፣ ያደግኩት ወንጂ ነው። የኛ ነገር ቢልሃርዚያ አይደለም ግን ለቲቸር ይጠቅማት እንደሆነ ልጻፍ። ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ባለነው ሰፈሮች ብዙ ልጅ ጥርሱ ቡናማ ነው። ልጅ ሆነን መምህራችን ሳይቀር ጥርሳችሁን አትፋቁም ይሉን ነበር፣ ጓደኛዬ በአመድ በከሰል ስትፋቅ ድድዋ ይደማ ነበር፣ ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች፣ ፎቶ አትነሳም። እኛን ሲሰድቡን ግን ጥናቱ ድሮ ተጠንቶ ነበር፣ ወንጂ ላይ የፍሎራይድ ነገር እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ከ1970ዎቹ ጀምሮ የተጻፈበት ነው።

ነገሩ ከውሃው ነው። አካባቢው እሳተ ገሞራ የፈጠረው ድንጋይ ስለሆነ ከጉድጓድ የሚወጣው ውሃ ፍሎራይድ ይዞ ይወጣል፣ የዓለም ጤና ድርጅት በሊትር ከ1.5 ሚሊግራም በላይ እንዳይሆን ይላል፣ በስምጥ ሸለቆ ብዙ ጉድጓድ ከዚያ በላይ ነው። የጥርስ ቀለም የሚቀየረው ደግሞ ጥርሱ ገና ድድ ውስጥ እየተሰራ እያለ በህጻንነት ነው፣ ስለዚ ከወጣ በኋላ ብትፍቀው አይለቅም። ማፍላትም ፍሎራይድን አያወጣም፣ ውሃው እየተነነ ሲሄድ እንደውም ይጠነክራል። በከሰለ የእንስሳት አጥንት ማጣራት ግን ይቀንሰዋል።

ይሄን ያወቅኩት ትልቅ ሰው ሆኜ ነው። በ10 ዓመቴ አንድ ሰው «ጥርስሽ የቆሸሸ አይደለም፣ ውሃው ነው፣ እንዲህ አድርገን ለክተን አወቅን» ቢለኝ ምን ያህል ነገር ይቀየር እንደነበር ልነግራችሁ አልችልም። ጓደኛዬም እንደዚሁ። ስለዚ ፈተና አለባቸው ለሚለው ወንድማችን፣ እኛም ፈተና ነበረብን፣ ግን አፋችንን በእጃችን ሸፍነን ነበር የምንፈተነው።

እውነቱን_እንነጋገር
ሐሙስ ጠዋት 3:45

እህቴ ይሄን አላሰብኩትም ነበር፣ ስለጻፍሽው አመሰግናለሁ። የቦሎቄውንም ገብቶኛል። ከሰዓት ቤት ከልጄ ጋር እሞክረዋለሁ። የክፍለ ጊዜው ነገር ግን አሁንም ያሳስበኛል ቲቸር፣ በክበብ ሰዓት ቢሆን ይሻላል፣ ሌላ መምህር እንዳይቀየም።

ቲቸር_ሐይቅዳር
ቅዳሜ ጠዋት 4:00

በክበብ ሰዓት ነው ያደረግኩት፣ ትናንት። የ6ኛ ክፍሎቹን እንደ ገምጋሚ አድርጌ ጽሁፉን ሰጠኋቸው፣ ያልገባችሁ ጋ በእርሳስ አስምሩ፣ ጥያቄ ካላችሁ ጎኑ ላይ ጻፉ አልኳቸው። ስም አትጻፉ ብዬ ነው፣ ምክንያቱም የማን ናሙና ምን እንደተገኘበት እንዲገመት አልፈልግም፣ እኔም አላውቅም ማወቅም የለብኝም፣ ወረቀቱም ላይ ልጆቹ በኮድ ነው ያሉት። ይሄንኑ ነገር ራሱን አስረዳኋቸው፣ ለምን በስም ፋንታ ቁጥር እንደተጻፈባቸው፣ ደስ አላቸው፣ አንዷ «ታዲያ ማንም አይሰድበንም» አለች።

«በስቶ ይገባል» የሚለው ላይ ማንም አላሰመረም። ያሰመሩት «ከእንቁላሎቹ የተወሰኑት» የሚለው ላይ ነው፣ ሌሎቹስ የት ሄዱ ብለው። እኔም መመለስ አልቻልኩም። የጻፏቸውን ጥያቄዎች እንዳለ ላምጣቸው፣ ላብ_ሰው ወንድሜ እባክህ አግዘኝ፦ ትሉ ሰው ውስጥ ስንት ጊዜ ይኖራል? ጥሬ አሳ በዳጣ ከበላን ይይዘናል? ጉማሬው ሁልጊዜ ውሃ ውስጥ ነው፣ እሱንስ ይይዘዋል? ጠዋት ብንዋኝ ይሻላል ወይስ ቀትር ላይ? የመጨረሻው ደግሞ ቆም ያደረገኝ ነው፣ «የሚዋኙ ልጆች ላይ በዝቶ ተገኘ ካላችሁ፣ የሚዋኙት እኮ ሐይቅ ዳር የሚኖሩት ናቸው፣ ልብስም እዛው ነው የሚያጥቡት፣ ታዲያ ከዋናው ይሁን ከአጠባው በምን አወቃችሁ?»

ላብ_ሰው
ቅዳሜ ከሰዓት 8:20

እነዚህ ልጆች ይባረኩ። በተራ ልሂድ። ያልወጡት እንቁላሎች ሰውነት ውስጥ ይቀራሉ፣ አንጀት ግድግዳና ጉበት ላይ ይቀመጣሉ፣ ሰው የሚታመመው በዋናነት በነሱ ነው፣ ትሉ ራሱ ይሄን ያህል አይጎዳም። ስለዚ ያሰመሩበት ቦታ የበሽታው ልብ ነው፣ ጽሁፉ ውስጥ መግባት አለበት። ትሉ ካልታከመ ዓመታት ይኖራል። ጥሬ አሳ በመብላት ቢልሃርዚያ አይያዝም፣ መንገዱ ቆዳ ነው፣ ጥሬ አሳ ግን ሌላ የራሱ ጥገኛ ሊኖረው ስለሚችል ቢበስል ይሻላል። ጉማሬን በተመለከተ፣ የዚህ ትል ዘመድ የሆነ በጉማሬ ስም የተሰየመ ሌላ ዝርያ በሳይንስ ይታወቃል፣ ያ የጉማሬ ነው፣ የልጆቹ ማንሶኒ ግን በዋናነት የሰው ነው። ሰዓቱን በተመለከተ፣ ቀንድ አውጣው ትሉን የሚለቀው ብርሃን ሲያገኝ ነው፣ የማንሶኒ ብዙውን ጊዜ እኩለ ቀን አካባቢ ይበዛል። ይሄን ያወቁት ቀንድ አውጣውን ውሃ ባለበት ትንሽ ብርጭቆ አድርገው መብራት ስር አስቀምጠው በየሰዓቱ የወጣውን በመቁጠር ነው። ግን «ጠዋት ግቡ» ብለሽ አትንገሪያቸው፣ የቀነሰ ማለት የለም ማለት አይደለም፣ ቁጥሩን ስጪያቸውና ይሄን ልዩነት ራሳቸው ይናገሩት።

የመጨረሻውን ጥያቄ ለማስተርሱ ተማሪ ልተውለት።

ማስተርስ_ላይ_ያለ
ቅዳሜ ማታ 1:15

ይሄን ጥያቄ የጻፈውን ልጅ ባገኘው ደስ ይለኛል። ዲፌንስ ላይ የሚጠየቅ ጥያቄ ነው። መልሱ፣ በአንድ ጊዜ ጠይቆ በተሰራ ጥናት ብቻ ሙሉ በሙሉ መለየት አይቻልም። የሚደረገው ማወዳደር ነው፣ የሚያጥቡ ግን የማይዋኙ ልጆች፣ የሚዋኙ ግን የማያጥቡ፣ ሁለቱንም የሚያደርጉ፣ ሁለቱንም የማያደርጉ ተብሎ ይከፈልና ይታያል። አራት ሳጥን ቦርድ ላይ ሳይላቸው። ችግሩ አንዱ ሳጥን ውስጥ የሚገባው ልጅ በጣም ጥቂት ይሆናል፣ የቦሎቄውን አስታውሱ በያቸው፣ በ10 ቦሎቄ ምን እንደገጠማቸው። ስለዚ ወረቀቱ «ከመዋኘት ጋር ተያይዞ ተገኝቷል» ነው የሚለው፣ «በመዋኘት ምክንያት» አይልም። በልጆቹ ጽሁፍ ላይም እንደዛው ነው መቀመጥ ያለበት፣ ለልጅ ነው ብለን ያልተባለውን ማለት የለብንም። ቆዳ ውሃውን ሲነካ ትሉ እንደሚገባ ግን በሌሎች ብዙ ጥናቶች የተረጋገጠ ስለሆነ እሱን በእርግጠኝነት መጻፍ ይቻላል። ሁለቱን ለይተን እንጻፍላቸው፣ ይሄ የተረጋገጠ ነው፣ ይሄ ደግሞ ገና የሚጣራ ነው ብለን።

የሁለት_ልጆች_እናት
ቅዳሜ ማታ 2:05

ቲቸር ትልቁ ልጄ ካንቺ ክበብ ነው ያለው፣ ትናንት መጥቶ እራት ላይ 41.7 በ24 ስንት ነው ብሎ አባቱን ጠየቀው። አባቱ በስልኩ ሲሰራ «አይ በእጅህ» አለው። ከዛ ለትንሹ ወንድሙ ሙሉውን ነገር አስረዳው፣ በስቶ መግባቱንም ጭምር፣ ትንሹም ተኛ፣ ምንም አልሆነ። አባትየው ደግሞ ከማህበር ጓደኞቹ ጋር ጀልባ ማቆሚያው ጋ ሽንት ቤት ስለማሰራት እንነጋገራለን እያለ ነው። ጽሁፉ ሲያልቅ አንድ ኮፒ ለነሱ ይድረስ፣ ማንበብ የሚከብዳቸው አሉና ልጆቹ ያነቡላቸዋል።

ቲቸር_ሐይቅዳር
እሁድ ጠዋት 4:30

እሺ እህቴ፣ ይደርሳል። እስካሁን ያለው እንዲህ ነው። ማስተርስ_ላይ_ያለ የእንቁላሎቹን ነገርና አራቱን ሳጥን ጨምሮ እስከ ረቡዕ ይልክልኛል፣ ላብ_ሰው ቁጥሮቹን ያይልኛል፣ ከዛ ልጆቹ ድጋሚ ያሰምሩበታል። ያሰመሩበት ካለቀ በኋላ ሁለት የ6ኛ ክፍል ልጆች በሰልፍ ሰዓት በሚኒ ሚዲያ ያነቡታል፣ የጋሼን የአድዋ ታሪክ ሌላ ቀን ለብቻው እናደርገዋለን፣ ጋሼ ራስዎ መጥተው ቢነግሯቸው ደግሞ ከዳይሬክተሩ ጋር እነጋገራለሁ። ለኮፒ የሚሆን ወረቀት ያለው ሰው በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፣ ቦሎቄውን ከቤት አመጣለሁ።

ጡረታ_የወጣ_ጤና_ረዳት
እሁድ ጠዋት 5:02

እመጣለሁ ልጄ። ከሐሙስ በቀር የትኛውም ቀን ይመቸኛል። የደረቀ የእንዶድ ፍሬ ቤት አለኝ፣ እሱን ይዤ እመጣለሁ፣ ትንሽ ውሃ ላይ አረፋውን ያዩታል፣ ውሃውን መልሼ የምደፋበትን ቦታ ግን አንቺ አሳዪኝ።